ክብደት ከቀነሱ በኋላ ጡትን በቀዶ ጥገና ማሳነስ፦ አሁን፣ ቆይቶ ወይስ ጭራሽ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ36 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ረዳት ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት 104 ኪሎ ነበርኩ፤ በእግር ጉዞ፣ በአመጋገብና ባለፈው ዓመት በጀመርኩት በሳምንት አንዴ በሚወሰድ የክብደት መቀነሻ መርፌ 73 ኪሎ ደርሻለሁ፤ ሰባት ኪሎ ይቀረኛል። ሰውነቴ ሁሉ ሲቀንስ ጡቴ ግን እንደከበደኝ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ወርዶ ሆዴ ላይ ተኛ። አንገቴንና ትከሻዬን ያመኛል፤ በበጋ ከጡቴ ስር ይላላጣል። አንዲት ሐኪም 'በኢንሹራንስ ይሠራልሻል' አለችኝ። ባለቤቴ ሦስተኛ ልጅ ይፈልጋል። እናቴ ደግሞ 'ፈጣሪ የሰጠሽን ገላ አታስቆርጪ' ትለኛለች። ጾመኛ ነኝ። ላድርገው ወይስ ልተወው?»

ውድ ጠያቂ፣

31 ኪሎ ከሰውነት ላይ ማውረድ፣ ያውም ሕመምተኛ ሲያነሱና ሲያስተኙ እየዋሉ፣ ቀላል ነገር አይደለም። እንኳን ለዚህ አበቃዎት።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ከጻፉልኝ ስነሳ ቀዶ ጥገናው ሳይጠቅምዎ አይቀርም፤ ነገር ግን ጊዜው አሁን አይደለም። ክብደትዎ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆዩ። በእነዚያ ወራት መጣራት ያለበት አንድ ዋና ጉዳይ አለ፦ ያስቸገረዎት የጡቱ ክብደት ነው ወይስ የቆዳው መላላትና መውረድ?

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደት ቀንሰው «ጡቴ ይቀነስልኝ» ብለው የሚመጡ ብዙ ሴቶችን ስመረምር ጡታቸውን እንደሚያስቡት ትልቅ ሆኖ አላገኘውም። ወርዷል፣ ይታጠፋል፣ ጡት መያዣ ውስጥ ለመሰብሰብ ያስቸግራል፤ መዳፌ ላይ ሳሳርፈው ግን ቀላል ነው። እንዲህ ላለችው ሴት የሚያስፈልጋት ጡትን ማንሳት እንጂ ማሳነስ አይደለም። የሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች ጠባሳ ይመሳሰላል፤ ከገላ የሚወጣው ግን ይለያያል። ጡት ሲነሳ የሚወጣው በአብዛኛው ቆዳ ነው፤ ሲቀነስ ግን ቆዳው ከነስቡና ከነወተት ዕጢው ይወጣል።

ጡት በዋናነት የስብና የወተት ዕጢ ስብስብ ነው፤ የሁለቱ ድርሻ ከሴት ሴት ይለያያል። ስቡ የሚበዛባት ሴት ስትከሳ ጡቷም አብሮ ይቀልላል። ዕጢው የሚበዛባት ደግሞ ፊቷና ወገቧ ሟሙቶም ጡቷ ብዙም አይነካም። ዕድሜ ሲገፋ ዕጢው ቦታውን ለስብ እየለቀቀ ስለሚሄድ፣ በ36 ዓመትዎ ጡትዎ ከሌላው ገላዎ ወደኋላ መቅረቱ አያስገርምም። የቆዳው ነገር ግን ይለያል። ለዓመታት በክብደት፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ በእርግዝናና በማጥባት የተለጠጠ ቆዳ ወደ ቦታው የሚመልሱት ክሮች ስለተጎዱ፣ ውስጡ ሲጎድል አይሰበሰብም። ጡቱን ከውስጥ የሚደግፉት ጅማቶችም ረዝመው ይቀራሉ። ግማሹ እህል የተገለበጠለት ጆንያ ከላይ ሟሽሾ ከታች እንደሚከብድ፣ ጡቱም ከላይ ይጎድልና ያለው ሁሉ ወደ ታች ይከማቻል። ይህ በቅባት አይመለስም። በደረት ስፖርትም አይመለስም፤ የደረት ጡንቻ ከጡቱ ኋላ የተነጠፈ እንጂ ጡቱን አንጠልጥሎ የያዘ አይደለምና። እባክዎ ገንዘብዎን በቅባት ላይ አያፍስሱ።

ቤትዎ ሆነው ሊያዩት የሚችሉት ነገር አለ። ጡት መያዣዎን አውልቀው መስታወት ፊት ቀጥ ብለው ይቁሙ። የእጅዎን ጠርዝ ጡትዎ ከደረትዎ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ውስጥ ያስገቡና የጡትዎ ጫፍ ከእጅዎ በላይ ይሁን በታች ይመልከቱ። ከእጥፋቱ ጋር እኩል ከሆነ መውረዱ ቀላል ነው። ከእጥፋቱ በታች ሆኖ ገና ወደ ፊት የሚመለከት ከሆነ መካከለኛ ነው። ከጡቱ ሁሉ ዝቅ ብሎ ወደ መሬት የሚያይ ከሆነ ከባድ ነው። ይህ መውረዱን እንጂ ክብደቱን አይነግርዎትም። ለክብደቱ፣ የሚያምኗት እህት ወይም ጓደኛ ከኋላዎ ቆማ ሁለቱንም ጡቶችዎን ከስር ደግፋ ጥቂት ደቂቃ ትያዝልዎ፤ በራስዎ እጅ ቢያነሱት የትከሻዎ ጡንቻ ስለሚሠራ ስሜቱ ይምታታል። አንገትዎ ከቀለለዎት ክብደቱ ከሕመሙ ጋር ግንኙነት እንዳለው አንድ ምልክት ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ሥራዎን ይጠርጥሩ፤ አረጋዊ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያሸጋግር የሚውል ሰው ትከሻውን ማመሙ ያለ ነው፤ ያንን ደግሞ የጡት ቀዶ ጥገና አያድነውም። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻዎ ላይ የቀረጸው፣ ሲያወልቁትም ቶሎ የማይሞላ ጉድጓድ ካለ እሱም ለክብደቱ ምስክር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጡት መያዣዎን ከከሱ በኋላ አስለክተው ገዝተዋል? ብዙ ሴቶች 30 ኪሎ ቀንሰው የድሮውን መጠን ይለብሳሉ። ጀርባ ላይ የሚዞረው መቀነት ሲሰፋ ሸክሙ ሁሉ በትከሻ ማንገቻው ላይ ይወድቃል፤ መሸከም ያለበት ግን መቀነቱ ነው። በልክዎ የሆነ፣ ማንገቻው ሰፊ የሆነ ጡት መያዣ ገዝተው ለጥቂት ሳምንታት ይልበሱና ልዩነቱን ይዩ። በዚህ ብቻ ቀዶ ጥገናውን የተዉ ሴቶች አሉ። በእርግጥ ጡቱ ከባድ ለሆነባት ሴት ጡት መያዣም ሆነ ፊዚዮቴራፒ ዘላቂ እፎይታ እንደማይሰጣት፣ ቀዶ ጥገናው ግን ሕመሙን በግልጽ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል፤ እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው።

«በኢንሹራንስ ይሠራልሻል» የተባሉትን በጥንቃቄ ይያዙት። በአሜሪካ ብዙ የመድን ድርጅቶች ለማሳነስ የሚከፍሉት በሕክምና ምክንያት ሲሆን ብቻ ነው፤ ማንሳትን እንደ ውበት ሥራ ስለሚቆጥሩት አይከፍሉበትም። ሁለቱን የሚለዩት ደግሞ በግራም ነው። አንዳንዶቹ ከእያንዳንዱ ጡት 500 ግራም መውጣት አለበት ይላሉ። ሌሎች እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውንና በአዘጋጁ ሐኪም ስም የሽኑር ሰንጠረዥ የሚባለውን ይከተላሉ፤ ይህ ሰንጠረዥ የሚወጣውን ግራም ከቁመትና ከክብደት ከሚሰላው የሰውነት ገጽ ስፋት ጋር ያዛምዳል። በአሁኑ ቁመትና ክብደትዎ ከእያንዳንዱ ጡት 450 ግራም አካባቢ ይጠየቃሉ። 104 ኪሎ ሳሉ ቢሆን ኖሮ ከ800 ግራም በላይ ይጠየቁ ነበር፤ ስለዚህ መክሳትዎ በዚህ በኩል ጠቅሞዎታል።

የምፈራው ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ጡትዎ ውስጥ ሳይጎዳ ሊወጣ የሚችለው 250 ግራም ብቻ ቢሆንስ? ወረቀቱ እንዲያልፍ ተብሎ 450 ግራም ከወጣ ሕመሙ ይቀንስ ይሆናል፤ ደረትዎ ላይ የሚቀረው ግን ጠፍጣፋና ሰፊ፣ ከትከሻዎና ከዳሌዎ ጋር የማይመጣጠን ጡት ነው። የወጣው አይመለስም፤ የሚተካውም በሰው ሠራሽ ጡት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገናና ሌላ ወጪ ነው። ግራሙን መወሰን ያለበት ገላዎ ነው። የመድን ድርጅቱ ሰንጠረዥ ይከፈላል አይከፈልም የሚለውን ብቻ ይወስን። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ጡቷ ከልክ በላይ ተቀንሶ የምታዝን ሴት ማየት ከባድ ስለሆነ ነው።

ስድስት ወር ይቆዩ ያልኩት ስለ ክብደትዎ ነው። ገና ሰባት ኪሎ ሊቀንሱ አስበዋል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከጡትዎ እንደሚወጣ ማንም አስቀድሞ ሊነግርዎ አይችልም። ዛሬ ቢሠራና ነገ ቢከሱ የተስተካከለው ጡት መልሶ ይላላል። ቢጨምሩ ደግሞ የቀረው ስብ ያብጣል። መርፌው ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ከነዚህ መርፌዎች አንዱ በሆነው ሴማግሉታይድ ላይ በተደረገ ክትትል፣ መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰው ጨምረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሚከታተልዎ ሐኪም ጋር መርፌውን ይቀጥሉ ወይስ ያቁሙ የሚለውን ይወስኑ፤ ከውሳኔው በኋላ ክብደትዎ ከሁለትና ሦስት ኪሎ በላይ ሳይዋዥቅ ስድስት ወር ሲቆይ ያኔ ለቀዶ ጥገና ይምጡ። እስከዚያው መርፌውን ከቀጠሉ ማደንዘዣ የሚሰጥዎ ባለሙያ የግድ ማወቅ አለበት። መድኃኒቱ ጨጓራ ምግብ ቶሎ እንዳያሳልፍ ስለሚያደርግ፣ በማደንዘዣ ጊዜ ምግብ ወደ ሳንባ የመግባት አደጋ አለ። አንዳንዶች አንድ ሳምንት ቀድመው ያስቆሙታል፤ ሌሎች ዋዜማውን ፈሳሽ ብቻ እንዲወስዱ ያዝዛሉ።

ይህ ጊዜ ሥራ ፈትተው የሚጠብቁበት አይደለም። መድን ድርጅቶች ሕመሙ ለወራት ታክሞ እንዳልተሻለ የሚያሳይ ሰነድ ይፈልጋሉ። ከጡትዎ ስር ሲላላጥ ዝም ብለው ቤት ውስጥ ፓውደር አይነስንሱበት፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ የፈንገስ መድኃኒት ይታዘዝልዎ፣ መዝገብዎ ላይም ይጻፍ። አካባቢውን ታጥበው በደንብ ማድረቅና በእጥፋቱ መሃል ስስ የጥጥ ጨርቅ ማድረግም ይረዳል። ፊዚዮቴራፒ ይጀምሩ፤ ለአንገትዎም ይጠቅማል፤ ሰነድም ይሆናል።

ስለ ሦስተኛው ልጅ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ። በሚቀጥለው አንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ለመውለድ ካሰባችሁ ቀዶ ጥገናውን ከወለዱና ጡት ካስጣሉ በኋላ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ቆይተው ያድርጉት። እርግዝና ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ጡት መልሶ ይለጥጠዋል፤ መጀመሪያ ያወጡት ድካምና ወጪ ግማሹ ይባክናል። ስለ ማጥባትም እውነቱን ላስቀምጥ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚያጠቡ እናቶች አሉ፤ በቆርቆሮ ወተት እያገዙ የሚያጠቡ አሉ፤ ጭራሽ ወተት የማይወጣቸውም አሉ። ከጡት ጫፍ ስር ያለው ሥጋ ሳይቆረጥ ከነወተት መስመሮቹ የሚተውበት አሠራር ዕድሉን ያሰፋል፤ ዋስትና ግን የለም። ማጥባት ለእርስዎ ትልቅ ነገር ከሆነ ይህ ብቻውን ለመቆየት በቂ ምክንያት ነው።

ቀዶ ጥገናው ራሱ በሙሉ ማደንዘዣ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የጡት ጫፍ ከደም ሥሩ ሳይለያይ ወደ ላይ ይዛወራል፤ ትርፉ ቆዳ፣ ስብና ዕጢ ይወጣል፤ የቀረው ተሰብስቦ ይሰፋል። ጠባሳው በጡት ጫፍ ጥቁር ክብ ዙሪያ ይዞራል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙ ቆዳ ለተረፋት ሴት ደግሞ በስሩ እጥፋት ላይ አግድም ይሄዳል። እርስዎ ሦስቱም ሳይኖርዎት አይቀሩም። እኔ ከሁሉ በፊት በሜትር የምለካው ከአንገት ስር ካለው ጎድጓዳ እስከ ጡት ጫፍ ያለውን ርቀት ነው። ባልወረደ ጡት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወደ 40 ሲጠጋና ሲያልፍ ግን ጫፉ በደም እጥረት እንዳይሞት ስለሚያሰጋ፣ አንዳንድ ጊዜ ተቆርጦ እንደ ቆዳ ንቅለ ተከላ መልሶ መስፋት ያስፈልጋል። ያ ከሆነ ማጥባትና ስሜት ይቀራሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ጫፉ ነጣ ነጣ ያሉ ምልክቶች ሊያወጣ ይችላል። ርቀትዎ ስንት እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ስለ ጠባሳ ለሐበሻ ሴት ሁሉ የምናገረው አለኝ። በልጅነትዎ ክንድዎ ላይ የተወጉት የቢሲጂ ክትባት ምልክት እንዴት ነው? ዝቅ ያለች ትንሽ ነጥብ ከሆነች መልካም ነው። አብጣ፣ ጠንክራ፣ ከቦታዋ አልፋ ከሰፋች ግን ቆዳዎ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ያበጠ ጠባሳ የማውጣት ዝንባሌ አለው ማለት ነው። ጆሮዎን የተበሱበትን፣ ንቅሳት ካለዎት ንቅሳቱን፣ ወልደው የተሰፉበትንም ይመልከቱ። ኬሎይድ ቀዶ ጥገናውን የሚከለክል አይደለም፤ ግን በጡቶች መካከል ያለው የደረት አጥንት አካባቢ ኬሎይድ በጣም የሚወድደው ቦታ ስለሆነ አግድሙ ስፌት ወደዚያ እንዳይደርስ ይደረጋል፤ ቁስሉ እንደዳነ ሲሊኮን ይለጠፋል፤ ማበጥ ሲጀምር ቶሎ መርፌ ይወጋል። ይህ ለወራት ክትትል ይፈልጋል። ጠባሳ እስኪበስልና እስኪደበዝዝ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ከሚያጋጥሙት ችግሮች የተለመደው፣ ቀጥ ያለው ስፌት ከአግድሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቁስሉ ጥቂት መከፈቱ ነው፤ በፋሻ ለውጥ በሳምንታት ውስጥ ይሞላል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ አይደለም። መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ የጡት ጫፍ ስሜት መቀነስ ወይም መጥፋት፣ የሁለቱ ጡቶች አለመተካከል፣ የእግር ደም መርጋት እንዲሁ አሉ። የጡት ጫፍ ጨርሶ መሞት ብርቅ ነው፤ የሚያጨስ ሰው ላይ ግን አደጋው ይጨምራል። ሲጋራም ሆነ ሺሻ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መቆም አለበት።

ጾመኛ ነኝ ማለትዎን ደስ ብሎኝ አነበብኩት፤ ብዙ ሰው ለሐኪሙ አይነግርምና። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፤ መርፌው የምግብ ፍላጎትዎን ቀንሶታል፤ በዚህ ላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ሰውነትዎ ባዶ እጁን ወደ ቀዶ ጥገናው ይገባል። ስለዚህ ቀኑን ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ውጭ ያድርጉት፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢሆን ይመረጣል። ወደ ጾም ከገባብዎ ግን የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በጾም ሳሉም ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ በየማዕዱ ይኑር፤ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል። ከቀዶ ጥገናው ሁለት ወር ቀድመው ሄሞግሎቢን፣ ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ ይመርመሩ። ደም ማነስ ካለ ከቀዶ ጥገናው በፊት ማከም ቀላል ነው።

ከእናትዎ፣ ከአክስትዎ ወይም ከእህትዎ ጡት ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ ምርመራ በተለምዶ ከ40 ዓመት ይጀምራል፤ የቤተሰብ ታሪክ ካለ ወይም እብጠት ከተዳሰሰ ግን በእርስዎም ዕድሜ ከቀዶ ጥገናው በፊት መታየት አለበት። የሚወጣው ሥጋ በሽታ እንዳለበት ለማየት ለፓቶሎጂ (የላቦራቶሪ) ምርመራ መላኩንም ያረጋግጡ።

የእርስዎ ሥራ ደግሞ የቢሮ ሥራ አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በሁለት ሳምንት ሊመለስ ይችላል፤ ሰው የሚያነሳ ግን ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። እዚያው አሜሪካ ከ1993 ጀምሮ ያለው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ዕረፍት ይፈቅዳል። ደመወዝ የሌለበት ስለሆነ ገንዘቡን አስቀድመው ያጠራቅሙ። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ልጅ ማዘልም ሆነ ማንሳት የለም፤ ስግደትም የለም፤ ቆመው ይጸልዩ። ሌሊትና ቀን ሽቦ የሌለው ደጋፊ ጡት መያዣ ይለብሳሉ፤ በጀርባዎ ይተኛሉ። እናትዎ አጠገብዎ ካሉ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያስፈልጉዎት እርሳቸው ናቸው።

ስለ እናትዎ ካነሳሁ አይቀር፣ ቃላቸውን አይናቁት፤ የተናገሩት ለእርስዎ ፈርተው ነው። ግን ዓመታት አንገትዎን ያመመዎትን፣ በበጋ ከጡትዎ ስር የሚላላጠውን ቆዳ ያሳዩአቸው። ሕመምን ማስታገስ ገላን መናቅ አይደለም። ብዙ እናቶች ቁስሉን በዓይናቸው ሲያዩ ሐሳባቸው ይለወጣል።

ኢንሹራንሱ ከከለከለ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሌላ አገር ሄዶ ማሠራት የሚያስቡ አሉ። ከሄዱ፣ ቁስሉ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መሆኑን አውቀው ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚያው ይቆዩ፤ ሲመለሱ የሚያይዎትን ሐኪምም ከመሄድዎ በፊት ያግኙ። ጡትና ሆድን በአንድ ቀን እንሥራልሽ ቢሉዎት አይቀበሉ፤ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር የደም መርጋት አደጋው ይጨምራል።

ስድስቱ ወር አልፎ ክብደትዎ ከረጋ በኋላ በሙያው የተመሰከረላቸው ሁለት የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ዘንድ ይሂዱና ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ከእያንዳንዱ ጡቴ ስንት ግራም ያወጣሉ? የጡቴ ጫፍ የት ላይ ያርፋል? የሚቀረው ጡት ምን ያህል ይሆናል? መድን ድርጅቱ የሚጠይቀው ግራም ከዚህ ቢበልጥ ምን ያደርጋሉ? ለመጨረሻው ጥያቄ «እስኪሞላ ድረስ እናወጣለን» የሚል መልስ ከሰጡዎት አመስግነው ይውጡ፤ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።